ካርል ያኮቢ፡- ለጥቅም ሳያስብ የመሐንዲሶችን ሚዛን የተወ ሊቅ

ድልድይ፣ ግድብ፣ የአውሮፕላን ክንፍ ወይም የመኪና አካል ከመሠራቱ በፊት በኮምፒዩተር የሚፈትሽ መሐንዲስ ሁሉ ደጋግሞ የሚገጥመው አንድ የስህተት መልእክት አለ። ቅርጹን በሺዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን ቁርጥራጮች ከፋፍሎ፣ ክብደቱንና ንፋሱን ጭኖ፣ ስሌቱን አስጀምሮ ከወንበሩ ሊነሣ ሲል ፕሮግራሙ ይቆማል። ምክንያቱ በአንድ መስመር ሰፍሯል፤ ይህን ያህል ቁጥር ያለው ኤለመንት ጃኮቢያኑ ኔጋቲቭ ነው ይላል። መሐንዲሱ እያጉረመረመ ይመለስና ከሺዎቹ መካከል ያቺን አንዲት ጠማማ ቁራጭ ፈልጎ ያቃናል። ጃኮቢያን የሚለውን ቃል በቀን አሥር ጊዜ ይጠራው ይሆናል። ቃሉ የሰው ስም መሆኑን፣ ሰውየውም ከ170 ዓመታት በላይ አስቀድሞ በ46 ዓመቱ በፈንጣጣ መሞቱን ግን እምብዛም አያስብም።

ሰውየው ካርል ጉስታቭ ያኮብ ያኮቢ ይባላል። ጀርመኖች ያኮቢ የሚሉትን እንግሊዝኛው ጃኮቢ አደረገው፤ እኛም ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ስለቀሰምነው ጃኮቢያን እንላለን። ስሙ በየምህንድስና ቢሮው እንዲህ መጠራቱ ራሱን ያኮቢን ሳያስገርመው አይቀርም ነበር። ምክንያቱም በዘመኑ ከነበሩ የሒሳብ ሊቃውንት መካከል፣ ሒሳብ የሚሠራው ለጥቅም ነው የሚለውን አስተሳሰብ እንደ እርሱ በግልጽ የተቃወመ አልነበረም ማለት ይቻላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያኮቢ የተወለደው ዲሴምበር 10 ቀን 1804 በርሊን አጠገብ በምትገኘው በፖትስዳም ከተማ ነው። አባቱ ስምዖን ያኮቢ ባለጸጋ የባንክ ሰው፣ ቤተሰቡም አይሁዳዊ ነበር። ሞሪትዝ የሚባል በሦስት ዓመት የሚበልጠው ወንድም ነበረው፤ እርሱን ኋላ እናገኘዋለን። ካርልን በመጀመሪያ ቤት ውስጥ ያስተማረው የእናቱ ወንድም ነው። አጎትየው ሥራውን በሚገባ ሳይወጣ አልቀረም፤ ልጁ 12 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ትምህርት ቤት ገብቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ መጨረሻው ክፍል ተዛወረ። በ12 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚያበቃ እውቀት ነበረው ማለት ነው።

ችግሩ የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ተማሪ አለመቀበሉ ነው። ስለዚህ ልጁ እዚያው የመጨረሻ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ተቀመጠ። አብረውት የተማሩት እየተመረቁ ሲሄዱ፣ አዲሶች ሲተኩ እርሱ ከዚያው ወንበር አልተነሣም። እነዚያን ዓመታት በላቲን፣ በግሪክኛና በታሪክ ገፋቸው። ለሒሳቡ ደግሞ የክፍሉን መማሪያ ትቶ የኦይለርን መጻሕፍት ራሱ ያነብ ገባ። አምስተኛ ዲግሪ ያለውን እኩልታ በአጠቃላይ ቀመር ለመፍታትም ሞከረ። በዚያው ሰሞን በሩቅ ኖርዌይ በሁለት ዓመት የሚበልጠው ኒልስ ሄንሪክ አቤል የሚባል ድሃ የቄስ ልጅ ከዚሁ እኩልታ ጋር ይታገል ነበር። አቤል በ1824 እንዲህ ያለው ቀመር ጨርሶ ሊገኝ እንደማይችል አረጋገጠ። ሁለቱ ወጣቶች ያኔ አይተዋወቁም። ስማቸው ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተጣምሮ የሚጠራ ሆነ።

ያኮቢ በ1821 በርሊን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ልቡ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አንዱ ክፍል ኦገስት ቦክ ከሚባለው ታላቅ የጥንታዊ ቋንቋዎች መምህር ዘንድ ነበር። ሌላው ሒሳብ ላይ ነው። በመጨረሻ ሒሳቡ አሸነፈ። በወቅቱ በርሊን ውስጥ የሚሰጠው የሒሳብ ትምህርት ለእርሱ የሚመጥን ስላልነበረ የኦይለርን፣ የላግራንዥንና የላፕላስን ሥራዎች ብቻውን ተማረ። በ1825 ዶክትሬቱን አገኘ፤ ገና 20 ዓመቱ ነው። በዚያው ጊዜ ገደማ ክርስትናን ተቀበለ። በዘመኑ ፕሩሲያ አይሁዳዊ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሊሆን ስለማይችል፣ ይህ እርምጃ ምን ያህሉ የእምነት ምን ያህሉ የእንጀራ ጉዳይ እንደነበር መፍረድ ለማንም አስቸጋሪ ነው። ያለዚያ እርምጃ ግን የመምህርነቱ በር አይከፈትለትም ነበር።

በ1826 ኮኒግስበርግ ወደምትባለው የባልቲክ ባሕር ዳርቻ ከተማ ሄደ። ዛሬ ካሊኒንግራድ ተብላ በሩሲያ ሥር ያለችው ከተማ ናት። ፈላስፋው ካንት ያስተማረበት ዩኒቨርሲቲ በዚያ ነው፤ የሥነ ፈለክ ሊቁ ቤሰልም እዚያው ነበር። ያኮቢ ምላሱ ስለት ስለነበረ መጀመሪያ ላይ ባልደረቦቹን ማስቀየሙ አልቀረም። ይሁን እንጂ በቀጣዩ ዓመት ያሳተመው ሥራ ሁሉንም ዝም አሰኘ።

ሥራው የኤሊፕቲክ ፋንክሽኖች ጉዳይ ነበር። የፔንዱለም ውዝዋዜን ወይም የኤሊፕስ ዙሪያን ርዝመት በትክክል ለማስላት የተነሣ ሁሉ በተለመዱት ፋንክሽኖች የማይፈታ ኢንቴግራል ይገጥመዋል። ፈረንሳዊው አንጋፋ ሊቅ ለዣንድር በእነዚህ ኢንቴግራሎች ላይ አርባ ዓመት ያህል ደክሟል። ያኮቢና አቤል በየፊናቸው ያደረጉት ነገር ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ጥያቄውን ገለበጡት። ኢንቴግራሉን ራሱን ከማጥናት ይልቅ የተገላቢጦሹን ፋንክሽን አጠኑ፤ ያን ጊዜ ለአርባ ዓመት የተቆላለፈው ነገር ተፈታ። ያኮቢ ለተማሪዎቹም ሁልጊዜ ነገሩን እንዲገለብጡት ይመክር ነበር ይባላል። በሰባዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ የነበረው ለዣንድር የዕድሜ ልክ ሥራውን ሁለት ለጋ ወጣቶች ሲቀድሙት ከመቅናት ይልቅ በይፋ አመሰገናቸው። በሳይንስ ታሪክ እንዲህ ያለ ልብ ያለው ሽማግሌ ብዙ አይገኝም።

ፉክክሩ ግን ረጅም ዕድሜ አልነበረውም። አቤል ኤፕሪል 1829 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ 26 ዓመቱ ነበር። ያኮቢ ኤሊፕቲክ ፋንክሽኖችን የተመለከተውን ታላቅ መጽሐፉን ያወጣው በዚያው ዓመት ነው። በ1830 የፓሪስ አካዳሚ ታላቁን ሽልማቱን ለሟቹ አቤልና ለሕያው ያኮቢ አካፈለ።

ከላይ የጠቆምነው የጥቅም ክርክር የተነሣውም በዚህ መሐል ነው። የሙቀትን ፍሰት በሒሳብ የተነተነው ፎሪዬ፣ ሁለቱ ወጣቶች እንዲህ ካለ ረቂቅ ነገር ይልቅ ስለ ሙቀት ቢመራመሩ ይሻል ነበር የሚል ቅሬታ አሰምቶ ነበር። ያኮቢ በጁላይ 1830 ለለዣንድር በጻፈው ደብዳቤ መልሱን ሰጠ። የሳይንስ ብቸኛ ዓላማ የሰው ልጅ አእምሮ ክብር መሆኑን፣ በዚህ ሚዛን ሲታይም ስለ ቁጥሮች የሚነሣ ጥያቄ ስለ ዓለም አሠራር ከሚነሣ ጥያቄ እንደማያንስ የሚገልጽ ነበር። ደብዳቤው ሲጻፍ ፎሪዬ በሕይወት አልነበረም። ይህ አቋም እስከ ዛሬ ድረስ የንጹሕ ሒሳብ ሰዎች መፈክር ሆኖ ይጠቀሳል።

የሚገርመው፣ በዚያ ዘመን ያኮቢ ቤተሰብ ውስጥ የጥቅሙን ወገን የሚወክል ሰው መኖሩ ነው። ታላቅ ወንድሙ ሞሪትዝ መሐንዲስ ሆኖ በ1833 እርሱ ወዳለበት ኮኒግስበርግ መጣ። እዚያም በ1834 በዘመኑ ወደር ያልነበረው የኤሌክትሪክ ሞተር ሠራ። ከዚያ ወደ ሩሲያ ተሻግሮ በ1838 በባትሪ የሚሠራ ሞተር የገጠመለትን ጀልባ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ በኔቫ ወንዝ ላይ አስኬደ። አንዱ ወንድም ጀልባ ሲነዳ ሌላው ስለ ፋንክሽኖች በላቲን ይጽፋል። ከሁለቱ ለመሐንዲሶች ይበልጥ የሚጠቅመው የትኛው ነው ተብሎ ያኔ ቢጠየቅ መልሱ ግልጽ ይመስል ነበር።

ያኮቢ በ1831 ማሪ ሽቪንክን አገባ፤ ልጆችም ወለዱ። በኮኒግስበርግ በቆየባቸው ዓመታት በሳምንት ስምንትና አሥር ሰዓት ያስተምር ነበር። የሚያስተምረው ደግሞ ከመጽሐፍ ሳይሆን ትናንት ማታ የደረሰበትን ነው። በ1834 ከፊዚክስ ሊቁ ፍራንዝ ኖይማን ጋር ሆኖ ተማሪዎች ራሳቸው ምርምር የሚያቀርቡበትን ሴሚናር አቋቋመ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የተለመደው የምርምር ሴሚናር በሒሳብ ዘርፍ ሥር የሰደደው እንዲህ ባሉ ክፍሎች ውስጥ ነው።

አሁን ወደ 1841 እንምጣ። በዚያ ዓመት ያኮቢ በታወቀው የክሬለ መጽሔት ላይ ስለ ፋንክሽኖች ዲተርሚናንት አንድ ረጅም ጽሑፍ አወጣ። ቋንቋው ላቲን ነው። ሐሳቡን ፈጽሞ የፈለሰፈው እርሱ አይደለም፤ ኮሺን የመሰሉ ሰዎች ቀደም ብለው ተጠቅመውበታል። ነገር ግን ተበታትኖ የነበረውን ሰብስቦ ራሱን የቻለ ትምህርት ያደረገው ያኮቢ ነው። ካልኩለስ የተማረ አንባቢ የሚያስታውሳትን፣ ለፓርሻል ዴሪቬቲቭ የምንጽፋትን ያቺን ጎብጣ የተጻፈች ዲ ያስለመደውም ይኸው ጽሑፍ ነው። ጃኮቢያን የሚለውን ስም ግን እርሱ አላወጣውም። ከሞተ በኋላ በ1850ዎቹ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ሲልቬስተር ያወጣለት ነው።

ሐሳቡን ያለ ቀመር ለማየት አንድ ነጠላ በቂ ነው። ድሩና ማጉ እኩል ካሬዎችን የሠሩበት ስስ ነጠላ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን በአንድ ወገን ብንጎትተው፣ አንዳንዱ ካሬ ይሰፋል፤ አንዳንዱ ይጠባል፤ አንዳንዱም ይጣመማል። የያኮቢ ዲተርሚናንት በእያንዳንዱ ነጥብ ዙሪያ ያለው ስፋት በስንት እጥፍ እንደተለወጠ የሚናገር ቁጥር ነው። ቁጥሩ 2 ከሆነ ቦታው በእጥፍ ሰፍቷል፤ 0.5 ከሆነ በግማሽ ጠብቧል። ዜሮ ከሆነ ካሬው ተጨፍልቆ መስመር ሆኗል፤ ከዚያ ወደ ነበረበት መመለስ አይቻልም። ኔጋቲቭ ከሆነ ደግሞ ጨርቁ እዚያ ቦታ ላይ ታጥፎ ጀርባው ወደ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። ያኮቢ ያረጋገጠው ዋና ነገርም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፤ ፋንክሽኖች አንዳቸው ከሌላቸው ነጻ የሚሆኑት ዲተርሚናንታቸው በየቦታው ዜሮ ካልሆነ ብቻ መሆኑን አሳየ።

ይህ ጽሑፍ ከታተመ 115 ዓመታት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ተርነር፣ ክላፍ፣ ማርቲንና ቶፕ የተባሉ አራት ሰዎች የአውሮፕላን ክንፍ ጥንካሬን የሚያሰሉበት መንገድ በ1956 አሳተሙ። ክንፉ እንዳለ ሊሰላ አይችልም፤ ቅርጹ የተወሳሰበ ነው። ስለዚህ በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ከፋፍለው የእያንዳንዷን ባሕርይ አስልተው መልሰው ገጣጠሙት። ክላፍ በ1960 ይህን ዘዴ ፋይናይት ኤለመንት ብሎ ሰየመው። ቁርጥራጮቹ ተያይዘው የሚሠሩት መረብ ሜሽ ይባላል። በአዲስ አበባ የስትራክቸር ቢሮዎች የተለመዱት ሳፕና ኢታብስም የዚሁ ዘዴ ልጆች ናቸው።

ብዙም ሳይቆይ ሦስት ማዕዘን ብቻ አልበቃም። አራት ጎን ያላቸው፣ ጎናቸውም የጎበጠ ኤለመንቶች አስፈለጉ። በ1960ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ታይግና ብሩስ አይረንስ ያዳበሩት ብልሃት ይህ ነው፤ ስሌቱ ሁሉ የሚሠራው እኩል ጎንና ቀጥ ያለ ማዕዘን ባላት አንዲት ደንበኛ ካሬ ላይ ይሆናል። ከዚያ ያቺ ካሬ ልክ እንደ ነጠላው እየተጎተተች እውነተኛውን ጠማማ ቁራጭ እንድትሸፍን ይደረጋል። ከካሬዋ ወደ እውነተኛው ቁራጭ ስንሻገር እያንዳንዱን ስፋት የምናባዛበት፣ ስንመለስም የምናካፍልበት ቁጥር የያኮቢ ዲተርሚናንት ነው። ስለዚህ ዜሮ ከሆነ ኮምፒዩተሩ በዜሮ አካፍል ተባለ ማለት ነው። ኔጋቲቭ ከሆነ ደግሞ ስፋቱ ከዜሮ በታች የሆነ ብረት ወይም ኮንክሪት አስላ ተባለ ማለት ነው። ነገሩን ገልብጡት እያለ ሲመክር የኖረው ሰው ስም የተገለበጠ ኤለመንትን ማጋለጫ መሆኑ የታሪክ ቀልድ ይመስላል።

ፍተሻው እንዴት እንደሚሠራ በቁጥር ማየት ይቻላል። ጎኗ 1 የሆነች ካሬ እንውሰድ። ሦስቱ ማዕዘኖቿ ካሉበት አይንቀሳቀሱ፤ አራተኛውን ብቻ በሰያፍ ፊት ለፊቱ ወዳለው ማዕዘን እንግፋው። ሳይነካ በፊት ጃኮቢያኑ በሁሉም ቦታ 1 ነው። ማዕዘኑ ከሰያፉ ሦስት አራተኛ ላይ ሲደርስ እዚያ ጫፍ ላይ ያለው ጃኮቢያን ወደ 0.5 ይወርዳል። ግማሹ ላይ ሲደርስ ዜሮ ይሆናል፤ አራት ማዕዘን የነበረው ነገር ለዓይንም ሦስት ማዕዘን መስሏል። ወደ 0.4 ሲገፋ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቶ የቀስት ራስ የመሰለ ቅርጽ ይወጣል፤ ጃኮቢያኑም እዚያ ጫፍ ላይ ከዜሮ በታች 0.2 ይሆናል። ይህን ቁራጭ በስፋቱ ብቻ የሚመዝን ሰው ግን ምንም አይጠረጥርም፤ ስፋቱ 0.4 ነውና። መሐሉ ላይ ያለውን ጃኮቢያን ብቻ የሚያይም እንዲሁ 0.4 ያገኛል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ፕሮግራሞች ስሌታቸውን የሚሠሩት በቁራጩ ውስጥ በተመረጡ ጥቂት ነጥቦች ላይ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ኤለመንት አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው። የጋውስ ነጥቦች ይባላሉ። ከላይ ባለው ምሳሌ ከአራቱ ዝቅተኛው ጃኮቢያን 0.05 ገደማ ነው፤ ከዜሮ በላይ ስለሆነ ያልፋል። እዚያ ብቻ የሚፈትሽ ፕሮግራም የታጠፈውን ቁራጭ ሳያየው ስሌቱን ይጨርስና በቀለም ያጌጠ ሥዕል ያወጣል። ስለዚህ ጥንቁቅ የሆነ ፍተሻ ማዕዘኖቹንም ያያል። በቁራጩ ውስጥ ያለውን ትንሹን ጃኮቢያን ለትልቁ አካፍሎ ውጤቱን ይመዝናል፤ 1 ከሆነ ጥሩ ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ቁራጩ ተበላሽቷል።

ዜሮን ሆን ብለው የሚፈልጉም አሉ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሄንሼልና ሾው፣ ባርሶምም ለብቻው፣ በጎን መሐል ላይ የሚቀመጠውን ነጥብ ወደ ስንጥቁ ጫፍ በመሳብ ከጎኑ አንድ አራተኛ ላይ ቢያስቀምጡት ጃኮቢያኑ ጫፉ ላይ ዜሮ እንደሚሆን፣ ያም በስንጥቅ ጫፍ ላይ የሚፈጠረውን እጅግ ከፍተኛ ጭንቀት በሚገባ እንደሚወክል አሳዩ። ለሌላው መርዝ የሆነው ለስንጥቅ አጥኚው መድኃኒት ሆነ።

ይህ ሁሉ ሲባል፣ የያኮቢ ቁጥር ሁሉን ያያል ማለት አይደለም። ርዝመቱ የወርዱን መቶ እጥፍ የሆነ ቀጭን አራት ማዕዘን ጃኮቢያኑ በየቦታው እኩል ስለሆነ ትንሹ ለትልቁ ሲካፈል 1 ይሰጣል። ሦስት ነጥብ ብቻ ያለው ሦስት ማዕዘንም እንደ መርፌ ቢቀጥን ያው 1 ነው። ስለዚህ የጎኖች ንጽጽርና የማዕዘኖች መጠን ለየብቻ ይታያሉ። ባቡሽካና አዚዝ በ1976 እንዳሳዩት ደግሞ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የሚያሰጋው የማዕዘን ማነስ ብቻውን አይደለም፤ ወደ 180 ዲግሪ የሚጠጋ የሰፋ ማዕዘን ነው። አንድ ቁጥር አይቶ ሜሹ ደህና ነው ብሎ መፈረም ሐኪም የሙቀት መለኪያ ብቻ አይቶ በሽተኛውን እንደማሰናበት ነው።

ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ኖርዌይ በ1991 አይታለች። ስላይፕነር ኤ የተባለው ግዙፍ የነዳጅ መድረክ የኮንክሪት መሠረት ኦገስት 23 ቀን ስታቫንገር አቅራቢያ በሚገኝ ፊዮርድ ውስጥ ለሙከራ በውኃ እየተሞላ ዝቅ ሲል አንደኛው ግድግዳ ተሰነጠቀ። ውኃው በፓምፕ ሊቋቋሙት በማይችሉት ፍጥነት ገባ፤ መዋቅሩ በሙሉ ሰጠመ። ከባሕሩ ወለል ጋር ሲጋጭ የምድር መንቀጥቀጥ መለኪያዎች 3 ገደማ መዘገቡ። የደረሰው ጠቅላላ ኪሳራ ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። የምርመራው ውጤት ጣቱን የቀሰረው በስሌቱና በብረት አደራደሩ ላይ ነበር። ግድግዳዎቹ በሚገናኙበት ወሳኝ ቦታ ሜሹ ሻካራ፣ ኤለመንቶቹም ጠማማ ነበሩ፤ በዚህም የሸር ጭንቀቱ 47 በመቶ ዝቅ ብሎ ተሰላ። ከአደጋው በኋላ በጥንቃቄ የተሠራ ስሌት መዋቅሩ 62 ሜትር ጥልቀት ላይ እንደሚሰበር ተነበየ፤ በእርግጥ የተሰበረው በ65 ሜትር ላይ ነው። መሣሪያው እውነቱን ማወቅ ይችል ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያው ስሌት ግን እስከ መጨረሻው ሄዶ ቁጥር አውጥቶ ነበር፤ ቁጥሩም በሰዎች ታምኖ ኮንክሪት ሆነ።

ያኮቢ ራሱ የመጨረሻዎቹን አሥር ዓመታት ያሳለፈው በሕመምና በገንዘብ ችግር ነው። ከአባቱ የቀረው የቤተሰቡ ሀብት ጠፍቶ ነበር። በ1843 የስኳር በሽታ ያዘው። ወዳጁ ዲሪክሌ በአሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት አማካይነት ለንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም አራተኛ አመልክቶ ወደ ጣልያን የሚሄድበት ገንዘብ ተገኘለት። እዚያ ሲደርስ ተሻለው። ሮም ውስጥ ዕረፍት አደርጋለሁ ያለው ሰው ግን በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የዲዮፋንቶስን ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎች ሲመረምር ሰነበተ። ሲመለስም የኮኒግስበርግ ብርድ ስለማይስማማው በርሊን እንዲቀመጥ ተፈቀደለት፤ ለኑሮው መደጎሚያ ከደመወዙ በላይ ተጨማሪ ክፍያ ተሰጠው።

ከዚያ 1848 መጣ። አብዮቱ በርሊን ሲደርስ ያኮቢ በአንድ የፖለቲካ ክበብ ውስጥ ተነሥቶ ንግግር አደረገ። ንግግሩ ንጉሣውያኑንም ሪፐብሊካኖቹንም አስቀየመ። በሒሳብ ላይ እንዳደረገው ሁለቱን ወገን በአንድ ጊዜ መርታት በፖለቲካ አልሆነለትም። አብዮቱ ሲከሽፍ መንግሥት ቂሙን ያዘ፤ በ1849 ተጨማሪ ክፍያውን ነጠቀው። ያኮቢ የበርሊን ቤቱን ለቆ ሚስቱንና ልጆቹን ኑሮ ወደሚረክስባት ወደ ጎታ ከተማ ላከ። እርሱ ራሱ በርሊን ውስጥ እንግዳ ማረፊያ ተከራይቶ ቀረ። በአውሮፓ ስሙ የገነነ ሊቅ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ የቪየና ዩኒቨርሲቲ ወንበር አቀረበለት። ፕሩሲያ ያኔ ነቃች፤ እንዲህ ያለ ሰው ወደ ኦስትሪያ ቢሄድ የሚደርስባትን ውርደት አስባ አብዛኛውን ክፍያ መለሰችለት። ቤተሰቡ ግን የበኩር ልጁ ትምህርቱን እስኪጨርስ እዚያው ጎታ እንዲቆይ ተወሰነ።

በጃንዋሪ 1851 ያኮቢ ኢንፍሉዌንዛ ያዘው። ከእርሱ ገና ሳያገግም ፈንጣጣ ተጨመረበትና ፌብሩዋሪ 18 ቀን በርሊን ውስጥ ሞተ። በከተማዋ በክሮይትስበርግ ሠፈር ተቀበረ። በቀጣዩ ዓመት ዲሪክሌ በአካዳሚው ፊት ረጅም የመታሰቢያ ንግግር አደረገለት። ሞሪትዝ ከታናሹ በ23 ዓመት ቆይቶ በ1874 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ አረፈ። የበርሊን አካዳሚ የካርል ያኮቢን ሥራዎች ከ1881 እስከ 1891 ሰብስቦ አሳተመ። የ1841ዱ የዲተርሚናንት ጽሑፍ በሦስተኛው ቅጽ ውስጥ፣ መጀመሪያ እንደተጻፈው በላቲን ይገኛል።